የኤድንብራ የመረዳጃ ማኅበራት፦ ገንዘቡ የማን ነው?

ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ በብሪታንያ ልጁን የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ በክፍያው ላይ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከልበታል። ስኮትላንድ ውስጥ ደግሞ እነዚሁ ትምህርት ቤቶች የነበራቸውን የንብረት ግብር ቅናሽ ከ2022 ጀምሮ አጥተዋል። "የሀብታም ልጅ ትምህርት ቤት ምን ቅናሽ ያስፈልገዋል?" የሚለው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ኤድንብራ ላይ ሲደርስ ግን ይወሳሰባል። ከከተማዋ ስመ ጥር የግል ትምህርት ቤቶች በርከት ያሉት የተቋቋሙት አባት ለሞተባቸውና ቤተሰባቸው ለደኸየባቸው ልጆች ነበር። ዛሬም በሕግ ፊት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱን ለማግኘት ከተማዋ ባለፉት 500 ዓመታት የመረዳጃ ገንዘብ እንዴት ስትሰበስብ፣ ለማንስ ስትሰጥ እንደኖረች ማየት ያስፈልጋል። እግረ መንገዳችንን "ፈረንጅ እድር አያውቅም፣ ሁሉም ለየራሱ ነው" የሚለውን ወሬ እናጠራለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ከየት ተነሳ?

በ1400ዎቹ መጨረሻ ኤድንብራ በአንድ ኮረብታ ጀርባ ላይ የተጨናነቀች፣ በግንብ የታጠረች ከተማ ነበረች። እዚያ ውስጥ ማንም ሰው ብድግ ብሎ ዳቦ ጋግሮ ወይም ጫማ ሰፍቶ መሸጥ አይችልም። መጀመሪያ የሙያው ማኅበር አባል መሆን አለበት። ልብስ ሰፊዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው። ሥጋ ሻጮች፣ ሸማኔዎች፣ ቆዳ ፋቂዎች፣ ወርቅ ሠሪዎችም እንዲሁ።

የማኅበሩ ሥልጣን የሚመጣው ከከተማው ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ በማኅተሙ የተረጋገጠ ደብዳቤ ይሰጣል። ግንበኞችና አናጢዎች በ1475 አገኙ። የብረት ሠራተኞች በ1483 ተከተሉ። ቀዶ ሐኪሞችና ፀጉር ቆራጮች በ1505 በአንድ ደብዳቤ ተጠቃለሉ፤ ያኔ ምላጭ የያዘ ሁሉ እንደ አንድ ሙያ ይቆጠር ነበር። በነገራችን ላይ ያ ደብዳቤ በከተማዋ አረቄ የማውጣትና የመሸጥ ብቸኛ መብትም ሰጥቷቸዋል።

እንግዲህ ማኅበሩ ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ገበያውን መዝጋት ነው፦ አባል ያልሆነ አይሠራም። ሁለተኛው አባሉ ሲታመም፣ ሲያረጅ ወይም ሲሞት ቤቱን መደገፍ ነው። ሁለቱ የተያያዙ መሆናቸውን እንያዝ፤ ኋላ ብዙ ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሣጥኑ እንዴት ይሠራ ነበር?

የመረዳጃው ገንዘብ "ሣጥኑ" ይባል ነበር። በምሳሌ ሳይሆን የእውነት ሣጥን ነው። ከአንድ በላይ ቁልፍ ያለው ሲሆን ቁልፎቹ በተለያዩ አባላት እጅ ይቀመጣሉ። ሁሉም ካልተገኙ አይከፈትም። ሣጥኑን የሚጠብቀውና ሂሳቡን የሚይዘው ደግሞ የተመረጠ አባል ነው።

ገንዘቡ ከብዙ በኩል ይገባል። አዲስ ተለማማጅ ሲመዘገብ ይከፈላል። ተለማማጁ ተምሮ ጨርሶ ራሱን የቻለ ባለሙያ ሲሆን ጠቀም ያለ መግቢያ ይጠየቃል። አባላት መደበኛ መዋጮ አላቸው። ሥራ ያበላሸ፣ ስብሰባ የቀረ፣ ሰው የሰደበ ይቀጣል፤ ቅጣቱም ወደ ሣጥኑ ነው። ማኅበሩ በቀብር ጊዜ አስከሬኑ ላይ የሚለበስ ጥሩ ጨርቅ ገዝቶ ያከራያል። የተረፈው ገንዘብ ደግሞ በወለድ ለሌላ ሰው ይሰጣል ወይም ቤት ይገዛበትና ኪራይ ያመጣል።

እድር ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ቤተኛ ነው። መዋጮው፣ ቅጣቱ፣ ዳኛውና ገንዘብ ያዡ፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ድንኳንና ወንበር ሳይቀር አቻ አለው። ልዩነቱ አንድ ቦታ ላይ ነው። ከእድር የተባረረ ሰው ቀባሪ ያጣ እንደሆነ እንጂ እንጀራው አይቋረጥም። ከኤድንብራ የሙያ ማኅበር የተባረረ ግን በከተማዋ ግንብ ውስጥ መሥራት አይችልም። መዋጮውን ሁሉም የሚከፍለው ለዚህ ነው። ደግነት ብቻ አልነበረም።

እስከ 1560 ድረስ የሣጥኑ ገንዘብ አንድ ሌላ ትልቅ ወጪ ነበረበት። እያንዳንዱ ማኅበር በቅዱስ ጃይልስ ቤተ ክርስቲያን የራሱ መሠዊያና ጠባቂ ቅዱስ ነበረው። ሻማው፣ ካህኑ፣ የበዓሉ ድግስ ሁሉ ወጪ ነው። ስኮትላንድ ፕሮቴስታንት ስትሆን መሠዊያዎቹ ፈረሱ። ሻማ ላይ ያልቅ የነበረው ገንዘብ ቀስ በቀስ ወደ አባላት ችግረኞች ዞረ።

የዚያ ዘመን አንድ ቤት ዛሬም ካውጌት በሚባለው ዝቅተኛ መንገድ ላይ ቆሟል። የመግደላዊት ማርያም ጸሎት ቤት ነው። ማይክል ማክዊን የሚባል ሀብታም ጀመረው፣ ሚስቱ ጃኔት ራይንድ በ1540ዎቹ አስጨረሰችው፤ አስተዳደሩንም ለብረት ሠራተኞች ማኅበር ሰጠች። ከጎኑ ለሰባት ድሆች መኖሪያ ነበረው። ድሆቹ ይበላሉ፣ ይለብሳሉ፣ በምላሹ ለመሥራቾቹ ነፍስ ይጸልያሉ። መስኮቱ ላይ ያሉት ባለ ቀለም መስታወቶች ከተሐድሶው በፊት ተሠርተው በስኮትላንድ እስከ ዛሬ በቦታቸው የተረፉት ብቸኛዎቹ ናቸው።

ሊዝ በምትባለው ወደቧ ደግሞ መርከበኞች ሌላ ዘዴ ነበራቸው። ከሚገባው የመርከብ ጭነት ላይ ትንሽ ቀረጥ ይቆርጡና ለአረጁና ለደኸዩ መርከበኞች ያውሉታል። አባሉ ከኪሱ ሳያወጣ ዕቃው ራሱ ይከፍላል ማለት ነው። ብልህ አሠራር ነው።

ከሣጥኑ ውጭ ያለው ድሃስ?

ከሣጥኑ የሚጠቀሙት አባላትና ቤተሰቦቻቸው ብቻ ናቸው። የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከደጋው አገር ሥራ ፍለጋ የመጣው እዚያ ውስጥ የሉም። ለእነሱ የነበረው የእሁድ ሙዳየ ምጽዋት ነው። የየሰበካው ሽማግሌዎች ማን በእርግጥ ድሃ እንደሆነ አጣርተው ጥቂት ሳንቲም ያካፍላሉ።

ንጉሡም የራሱ ለማኞች ነበሩት። ሰማያዊ ካባ ለብሰው፣ ደረታቸው ላይ የቆርቆሮ ምልክት አድርገው በመላ አገሪቱ መለመን የሚችሉ ፈቃድ ያላቸው ሽማግሌዎች ናቸው። ቁጥራቸው በንጉሡ ዕድሜ ልክ ነው። ንጉሡ 50 ዓመት ከሞላው 50 ለማኝ፣ ለእያንዳንዱም 50 ሳንቲም። ንጉሥ ሲያረጅ ደስ የሚላቸው ድሆች እነሱ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ለሁሉም ክፍት የሆነ እርዳታ ዘግይቶ ነው የመጣው። በ1729 ስድስት አልጋ ብቻ ያላት ትንሽ ቤት በመዋጮ ተከፈተች። የኤድንብራ ንጉሣዊ ሆስፒታል መነሻ እሷ ናት። በ1847 ደግሞ ቶማስ ጉትሪ የተባለ ቄስ ከከተማዋ ምሽግ (ካስል) አጠገብ ለጎዳና ልጆች እያበላ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተ።

የትምህርት ቤቶቹ ገንዘብ ከማን መጣ?

ጆርጅ ሄሪዮት ወርቅ ሠሪ ነበር። ለንጉሥ ጄምስ 6ኛና በተለይም ለንግሥት አን ጌጥ ይሠራል፤ ያበድራቸዋልም። ንግሥቲቱ ጌጥ መውደዷ ለሄሪዮት ትልቅ እንጀራ ነበር። ንጉሡ በ1603 የእንግሊዝንም ዙፋን ወርሶ ለንደን ሲገባ እሱም ተከትሎ ሄደ። በ1624 እዚያው ሲሞት ሀብቱን የሚወርስ ሕጋዊ ልጅ አልነበረውም። 23,625 ፓውንድ ገደማ ለኤድንብራ ከተማ ተናዘዘ። አባት የሌላቸው ድሃ ልጆች የሚያድጉበትና የሚማሩበት ቤት እንዲሠራበት ነው።

ግንባታው በ1628 ተጀመረ። ሊያልቅ ሲል የእንግሊዛዊው የጦር መሪ የክሮምዌል ጦር ከተማዋን ያዘና ሕንፃውን የቁስለኞች ማረፊያ አደረገው። የመጀመሪያዎቹ 30 ልጆች የገቡት በ1659 ነው፤ ሰውዬው ከሞተ ከ35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ኑዛዜው ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። "ድሃ ልጆች" ሲል ማንኛውንም ድሃ ማለቱ አይደለም። ሙሉ የከተማ መብት የነበራቸው ነጋዴዎችና ባለሙያዎች ሞተው ወይም ከስረው ልጆቻቸው ሲቸገሩ ማለቱ ነው። የሣጥኑ ክበብ እዚህም አለ፤ ሰፋ ብሎ እንጂ አልጠፋም።

ሌሎችም የእሱን መንገድ ተከተሉ። ሜሪ ኧርስኪን የምትባል ባለጸጋ መበለት በ1694 ከነጋዴዎች ማኅበር ጋር ሆና ለሴቶች ልጆች ተመሳሳይ ቤት አቋቋመች። በ1704 የእጅ ባለሙያዎቹ ለራሳቸው ሴት ልጆች ከፈቱ። የባንክ ሂሳብ ሠራተኛ የነበረው ጆርጅ ዋትሰን በ1723 ሲሞት 12,000 ፓውንድ ተወ። የሱረት ነጋዴው ጄምስ ጊልስፒ ደግሞ በ1797 ሲሞት ገንዘቡን ለአረጋውያን መጦሪያና ለልጆች ትምህርት ቤት ሰጠ። ጊልስፒ በሕይወት ሳለ ሠረገላ ሲገዛ፣ አፍንጫ ይህን ሁሉ ይገዛል ብሎ ማን አሰበ እያሉ ያሾፉበት ነበር።

ገንዘቡ እንዴት ሳያልቅ ቆየ?

በአጭሩ፣ አልበሉትም። መሬት ገዙበት። የሄሪዮት ባለአደራዎች ከከተማዋ በስተ ሰሜን ያለውን የእርሻ መሬት እየገዙ ሰበሰቡ። ከ1767 በኋላ አዲሷ ኤድንብራ ወደ ሰሜን ስትሰፋ እነሱ መሬት ላይ ደረሰች።

የስኮትላንድ ሕግ ደግሞ አንድ ምቹ ነገር ነበረው። መሬት የሰጠ ሰው ገዢው ለዘለዓለም በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ እንዲከፍለው ማድረግ ይችላል። ቤቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥም አዲሱ ባለቤት ይከፍላል። ይህ ግዴታ የቀረው በ2004 ነው። ስለዚህ በአዲሱ ከተማ ያማሩ ቤቶች የገቡ ጠበቆችና ሐኪሞች ሳያስቡት ለሄሪዮት ልጆች ይከፍሉ ነበር። የሄሪዮት አደራ ከከተማዋ ትልልቅ ባለመሬቶች አንዱ ሆነ።

የቄሶቹ ሚስቶችና የሂሳብ ሊቁ ምን አገናኛቸው?

አሁን ወደ ዋናው ብልሃት ደረስን። የስኮትላንድ ቄስ ሲሞት ሚስቱ የግማሽ ዓመት ደመወዝ ይሰጣትና ከቤተ ክርስቲያኑ ቤት ትወጣለች። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። በ1740ዎቹ ሁለት የኤድንብራ ቄሶች፣ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር፣ ለዚህ መላ ፈለጉ። ዌብስተር ወይን ጠጅ በደንብ በመጠጣት የታወቀ ሰው ነበር። ሂሳቡን የሚያይላቸው ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኮሊን ማክሎሪን ነው።

ወደየሰበካው እየጻፉ መረጃ ሰበሰቡ። ያገኙት ይህንን ነው፦ በማንኛውም ጊዜ 930 ያህል ቄሶች በሕይወት አሉ። በዓመት በአማካይ 27 ይሞታሉ። ከእነዚህ 18ቱ ሚስት ትተው ይሞታሉ፤ አምስቱ ሚስት ሳይኖር ወላጅ አልባ ልጆች ይተዋሉ። የትኛው ቄስ እንደሚሞት ማንም አያውቅም። ስንት እንደሚሞቱ ግን ይታወቃል። የመድን ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

የተለመደው የመዋጮ ማኅበር የሚወድቀው የት ላይ እንደሆነ በቁጥር እንየው። ነገሩ ቀለል እንዲል እያንዳንዱ ቄስ በዓመት 5 ፓውንድ ይክፈል፣ መበለቷ በዓመት 20 ፓውንድ ትቀበል እንበል። ገቢው 4,650 ፓውንድ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 18 መበለቶች አሉ፤ ወጪው 360 ፓውንድ ብቻ ነው። ሣጥኑ ሞላ! አባላቱ "መዋጮው ይቀነስ" ወይም "ክፍያው ይጨመር" ማለታቸው አይቀርም።

ግን መበለቶቹ በሕይወት አሉ። በሁለተኛው ዓመት 36 ይሆናሉ፣ በሦስተኛው 54። አንዳንዶቹ ይሞታሉ፣ አንዳንዶቹ ያገባሉ፤ ብዙዎቹ ግን ረጅም ዕድሜ ይኖራሉ። ቁጥራቸው 300 ሲደርስ ወጪው 6,000 ፓውንድ ነው። ገቢው ያው 4,650። ሣጥኑ ባዶ ሊሆን ነው። የሚጎዱት ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍሉ የኖሩት ናቸው።

የዋላስና የዌብስተር መፍትሔ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ትርፍ አለመንካት ነው። ትርፉ በወለድ ለሌላ ሰው ይሰጣል። መበለቶቹ ሲበዙ መዋጮውና ወለዱ ተደምረው ወጪውን ይሸፍናሉ። ቄሱ ከአራት የዓረቦን ደረጃዎች አንዱን ይመርጣል። ዝቅተኛው 2 ፓውንድ ተኩል ገደማ ሲሆን ለመበለቷ በዓመት 10 ፓውንድ ያስገኛል። ከፍተኛው 6 ፓውንድ ተኩል ገደማ ሲሆን 25 ፓውንድ ያስገኛል። ፓርላማው በ1744 በሕግ አጸደቀው። ፈቃደኛ ለሆነ ብቻ አልተተወም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህራንም ገቡበት።

ገንዘቡ በ1765 58,348 ፓውንድ ይሆናል ብለው አስልተው ነበር። ሲደርስ ልዩነቱ የአንድ ፓውንድ ብቻ ሆነ። ዌብስተር ያንኑ የሰበካ ደብዳቤ መረብ ተጠቅሞ በ1755 የስኮትላንድን ሕዝብ ቁጥር አወጣ፦ 1,265,380።

ተራው ሠራተኛ ይህ ስሌት ደረሰው?

ቶሎ አልደረሰውም። የራሱ ሱቅ የሌለው ተቀጣሪ ባለሙያ በጌቶቹ ሣጥን ላይ ድምፅ የለውም። ስለዚህ የራሱን አቋቋመ። "የወዳጅነት ማኅበር" የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በ1793 ሕግ አወቃቸው፤ ደንባቸውን ማስመዝገብ ቻሉ። ብዙዎቹ የሚሰበሰቡት መጠጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ደንባቸው ደግሞ ሰክሮ ወይም ተደባድቦ ለታመመ ሰው አይከፍልም።

አብዛኞቹ የወደቁት ከላይ ባየነው መንገድ ነው። ወጣት ሆነው ይጀምራሉ፣ ማንም አይታመምም፣ ሣጥኑ ይሞላል። ከ30 ዓመት በኋላ ሁሉም አንድ ላይ ያረጃሉ። ወጣቱ ይህን አይቶ ሌላ አዲስ ማኅበር ይገባል። በ1824 ኤድንብራ ላይ የታተመ ሃይላንድ ሶሳይቲ የተባለ ማኅበር ጥናት ከብዙ ማኅበራት መዝገብ ተነስቶ አንድ ሰው በየዕድሜው በዓመት ስንት ሳምንት እንደሚታመም በሠንጠረዥ አወጣ። ከዚያ በኋላ መዋጮ በግምት የሚተምን ማኅበር ሰበብ አልነበረውም። የሙያ ማኅበራቱ ገበያ የመዝጋት መብት ደግሞ በ1846 በሕግ ተሻረ። አባል የሚሆንበት ዋናው ምክንያት ስለጠፋ የድሮዎቹ ሣጥኖች ቀስ በቀስ ተመናመኑ።

ሠራተኛው በ1859 በፋውንቴንብሪጅ ሰፈር የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርም አቋቁሟል። ቅዱስ ካትበርት ይባል ነበር። ትርፉ ለአባላት በገዙት ልክ ይመለስ ነበር። ተዋናዩ ሾን ኮነሪ በልጅነቱ የዚህ ማኅበር ወተት አዳይ ነበር።

ታዲያ የድሃ ልጅ ቤት እንዴት የሀብታም ትምህርት ቤት ሆነ?

በ1860ዎቹ ብዙ ሰው አንድ ጥያቄ ያነሳ ጀመር። ይህ ሁሉ ገንዘብ ጥቂት ልጆችን ከዓለም ለይቶ ለማሳደግ ብቻ መዋል አለበት? በ1869 የወጣ ሕግ ባለአደራዎች የመሥራቹን ኑዛዜ እንዲቀይሩ መንገድ ከፈተ። የነጋዴዎች ማኅበር አልዘገየም። በ1870 የዋትሰንንና ሌሎቹን ቤቶች ወደ ትልልቅ የቀን ትምህርት ቤቶች ለወጠ። ክፍያው ያኔ መጠነኛ ነበር፤ የተማሪው ቁጥርም እጅግ ጨመረ።

ሄሪዮት ላይ ነገሩ መራራ ነበር። አደራው ከ1830ዎቹ ጀምሮ በከተማዋ ሰፈሮች ለድሃ ልጆች ነፃ ትምህርት ቤቶች ያካሂድ ነበር። በ1885 በጸደቀው ዕቅድ እነዚህ ቀሩ። ዋናው ቤት የሚከፈልበት የቀን ትምህርት ቤት ሆነ፤ ከገንዘቡ ከፊሉም ዛሬ ሄሪዮት-ዋት ዩኒቨርሲቲ ለሆነው ኮሌጅ ሄደ። ለውጡን የደገፉት መንግሥት ራሱ ትምህርት ቤት ከፍቷል ብለው ተከራከሩ፤ እውነት ነው፣ ከ1872 ጀምሮ ትምህርት ግዴታ ነበር። የተቃወሙት ሠራተኞችና የእጅ ባለሙያዎች ግን የድሃ ገንዘብ ለመካከለኛው መደብ ተላለፈ አሉ። የሁለቱንም ሳየው ተቃዋሚዎቹ የተሳሳቱ አይመስለኝም። ዛሬ ትምህርት ቤቱ ወላጅ ለሞተባቸው የተወሰኑ ልጆች በነፃ ያስተምራል። የቀረው ይከፍላል።

የመበለቶቹ ገንዘብስ የት ደረሰ?

የቄሶቹን ስሌት ለሁሉም ሰው የማዋል ሐሳብ በ1812 ኤድንብራ ውስጥ በአንድ ቡና ቤት ስብሰባ ላይ ተነሳ። በ1815 የስኮትላንድ መበለቶች ገንዘብ የተባለው የሕይወት መድን ድርጅት ሥራ ጀመረ። ባለአክሲዮን አልነበረውም። ዓረቦን የሚከፍሉት አባላት ራሳቸው ባለቤቶች ናቸው። የወዳጅነት ማኅበራት በ1911 የመንግሥት የጤና መድን ሲመጣና በ1948 ነፃ ሕክምና ሲጀመር ሥራቸው ሲሸረሸር ይህ ድርጅት እያደገ ሄደ።

ለ185 ዓመታት ትርፉ እየተጠራቀመ በትውልድ ላይ ትውልድ ተተካ። አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ድርጅቱ በ2000 ለሎይድስ ቲኤስቢ ባንክ በ7 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተሸጠ። ገንዘቡ ለማን ተከፋፈለ? በዚያን ወቅት የውል ባለቤት ለነበሩት አባላት ነው። ከእነሱ በፊት ዕድሜ ልካቸውን ከፍለው ያለፉት ድርሻ አልነበራቸውም፤ ወደፊት የሚመጡትም እንዲሁ። ሌላው የከተማዋ ግዙፍ የአባላት ድርጅት ስታንዳርድ ላይፍ ደግሞ በ2006 የአባላት ድርጅት መሆኑ ቀርቶ የአክሲዮን ኩባንያ ሆነ። ሁለቱም ለውጦች በአባላት አብላጫ ድምፅ የጸደቁ ናቸው።